ለምሁራን ዕውቅና ሲሰጥ ምን ይመዘን? የካራቆሬ ርዕደ መሬት ትምህርት

ካራቆሬ ከሸዋ ሮቢት ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ለብዙ መንገደኛ የማለፊያ ከተማ ብትሆንም በመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪዎች ዘንድ ግን ስሟ ከስድስት አሥርት ዓመታት በላይ ሲጠቀስ ኖሯል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ በአካባቢው የደረሰውና 6.5 ያህል መጠን የነበረው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ከካራቆሬ ቤቶችም ግማሽ ገደማውን ጥሏል። 5 ሺህ ያህል ሰዎች መጠለያ አጥተዋል። ወደ ደሴ የሚወስደው ጎዳናም በስንጥቅና በናዳ ተጎድቶ ነበር።

ይህ ክስተት ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሚሰጠው ማዕረግና ሽልማት ጋር የሚያያዝበት ነጥብ አለ። አደጋው ካለፈ በኋላ የተከናወነው ምሁራዊ ሥራ፣ አንድ ተመራማሪ ለሀገር የሚሰጠው ጥቅም በምን ሊመዘን እንደሚገባ በተጨባጭ ያሳያልና።

ከምዝገባ እስከ ሕንፃ ደረጃ

በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ ከባድ ርዕደ መሬት ሲደርስ በሀገሪቱ ውስጥ አንድም መመዝገቢያ መሣሪያ አልነበረም። ስለ ክስተቱ የሚታወቀው በባሕር ማዶ ጣቢያዎች ከተመዘገበውና የዓይን እማኞች ከተናገሩት ነው። የካራቆሬው ሲደርስ ግን ሁኔታው ተለውጦ ነበር። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዌን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 ከተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር በተያያዘ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቁመው ነበር።

ሳይንቲስቱ የካራቆሬን ርዕደ መሬትና በ1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶን ከተማ ያወደመውን ጨምሮ የየአደጋውን ጉዳት፣ ስፋትና ተከታታይ ንዝረት አሰባስበዋል። ከዜና መዋዕሎችና ከተጓዦች ማስታወሻ እስከ መሣሪያ ምዝገባ ያለውን መረጃ አመሳክረው ስለ ኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ያዘጋጁት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 ታትሟል። ከካራቆሬው አደጋ እስከ መጽሐፉ ኅትመት 18 ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም የሀገሪቱን የስጋት ቀጣናዎች የሚለይ ጥናት አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃ 8 የርዕደ መሬት ስጋትን በቀጣና ከፍሎ ለመሐንዲሶች ሲያቀርብ መነሻ ያደረገው እንዲህ ያለውን የተጠራቀመ ዕውቀት ነው።

በመሆኑም ዛሬ በኮምቦልቻ ወይም በሸዋ ሮቢት የሕንፃ ምሰሶ የሚያቆም ተቋራጭ የተመራማሪውን ስም ባያውቅም፣ ደረጃውን ጠብቆ ከሠራ በምሰሶው ውስጥ የሚገባው ብረት ስሌት ከዚያ ድካም ጋር የተያያዘ ነው።

የማዕረግ ዕድገት መስፈርት

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ መምህር ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነትና ፕሮፌሰርነት የሚያድገው በማስተማር ብቃት፣ በምርምር ኅትመትና በማኅበረሰብ አገልግሎት ተመዝኖ ነው። በተለይ ወደ ላይኞቹ ማዕረጎች በሚደረገው ዕድገት በታወቁ መጽሔቶች የሚወጡ ጽሑፎች ቁጥር ወሳኝ ድርሻ አለው። ይህ አሠራር የራሱ ጠንካራ ጎን እንዳለው መካድ አይቻልም። ኅትመት በሌሎች ባለሙያዎች ስለሚገመገም በትውውቅና በአድልዎ የሚገኝ ማዕረግን ለመከላከል ይረዳል።

ይሁን እንጂ በጽሑፍ ቁጥር በቀላሉ የማይለኩ ተግባራት አሉ። መሣሪያን ሳያቋርጡ እየተንከባከቡ ለዓመታት መመዝገብ፣ የመረጃ መዝገብና ካርታ ማዘጋጀት፣ የሀገር ደረጃ በማውጣት መሳተፍ፣ እንዲሁም በአደጋ ወቅት ሕዝብንና መንግሥትን ማማከር ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። ዓመታዊ የኅትመት ቁጥር ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ 18 ዓመታት የፈጀው መረጃ የማሰባሰብ ሥራ አነስተኛ ነጥብ ባገኘ ነበር።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ርዕደ መሬቱ በተደጋገመበት ወቅት በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በእነዚያ ሳምንታት ፕሮፌሰር አታላይ አየለን የመሳሰሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመገናኛ ብዙኃን እየቀረቡ ለሕዝቡ ማብራሪያ ሰጥተዋል። ኅብረተሰቡ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው በመጽሔት የሚወጣ ጽሑፍ ሳይሆን የሚታመን ባለሙያ ቃል ነበር። ያንን ቃል የሚታመን ያደረገው ደግሞ ለአሥርት ዓመታት የቀጠለው ምዝገባ ነው።

ዘግይቶ የመጣ ክብር

የኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች ታሪክም ተመሳሳይ ገጽታ አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የብልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በአድዋ ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት ከ25 ዓመታት በኋላ በ1989 ነው። የዘር ሀብት ተመራማሪው ዶክተር መላኩ ወረደም በዚያው ዓመት ተሸልመዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማፍለቃቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ማሽላ ለሚያመርተው የይፋት ቆላ ገበሬ የዚህ ሥራ ትርጉም ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ዝግጅት ለረጅም ዓመታት የደከሙት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውም እ.ኤ.አ. በ2018 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል ሆነዋል።

እነዚህ ሁሉ ዕውቅናዎች የረጅም ጊዜ ድካም ፍሬዎች ናቸው። ሁሉም የተሰጡት ግን በውጭ ተቋማት ነው። በሀገር ውስጥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በሥነ ጽሑፍ፣ በሥነ ጥበብ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና በሌሎች ዘርፎች ይሸልም እንደነበር ይታወሳል። ሽልማቱ ግን ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ አልቀጠለም። በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ በአዋጅ ዕውቅና ያገኘ ተቋም እንደመሆኑ፣ ሥራን በሀገር ሚዛን መዝኖ የማክበር ባህል እንዲጎለብት ማድረግ የሚያስችል መሠረት አለ።

ከአስፈጻሚ አካላት የሚጠበቀው

በሌሎች ሀገሮች መለኪያውን የማስፋት ጥረት ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተነሣው መግለጫ ተመራማሪዎች በሚያሳትሙበት መጽሔት ዝና ብቻ እንዳይመዘኑ ጠይቋል። ብሪታንያ በ2014 ባካሄደችው የዩኒቨርሲቲዎች ምርምር ግምገማ፣ ምርምር ከአካዳሚው ውጭ ላመጣው ለውጥ 20 በመቶ ክብደት ሰጥታለች። በ2021 ግምገማ ደግሞ ድርሻውን ወደ 25 በመቶ ከፍ አድርጋለች።

ከዚህ አንጻር በሀገራችን ሦስት ጉዳዮች ትኩረት ይሻሉ። አንደኛ፣ የመረጃ መዝገብ፣ ካርታና የደረጃ ሰነድ በማዕረግ ዕድገት መስፈርት ውስጥ ከኅትመት ጋር የሚነጻጸር ግልጽ ነጥብ ሊኖራቸው ይገባል። ሁለተኛ፣ የሥራው ፍሬ ማስረጃ ከተጠቃሚው መሥሪያ ቤት ሊመጣ ይገባል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የከተማ ኮንስትራክሽን ጽሕፈት ቤት የትኛውን የምርምር ውጤት ለምን ተግባር እንዳዋለ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሽልማት በምስክር ወረቀትና በጭብጨባ ብቻ እንዳይቋጭ የመሣሪያ፣ የቴክኒሻንና የሥራ ማስኬጃ ድጋፍ ሊከተለው ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር እንዳለ እሙን ነው። የድጋፍ ደብዳቤ በወዳጅነት የሚጻፍ ከሆነ አዲሱ መለኪያ ከቀድሞው የባሰ የአድልዎ በር ይከፍታል። ስለዚህ ማስረጃው ከዩኒቨርሲቲውም ከተጠቃሚው መሥሪያ ቤትም ገለልተኛ በሆኑ ባለሙያዎች ሊመረመርና ሥራው ከተጠናቀቀ ከዓመታት በኋላ ጭምር በመስክ ሊረጋገጥ ይገባል።

የይፋት ቆላ የሚገኝበት የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ዛሬም የሚንቀሳቀስ መሬት ነው። በጎዳናው ዳር ባሉ ከተሞች አዳዲስ ፎቆች ሲገነቡ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ሹም ደረጃውን ካላስከበረ፣ ዩኒቨርሲቲው ለተመራማሪው የሚሰጠው ማዕረግ ለነዋሪው የሚያስገኘው ጥበቃ አይኖርም። በመሆኑም ምሁራንን የማክበር ኃላፊነት የዩኒቨርሲቲ ሴኔቶች ብቻ ሳይሆን፣ የጥናታቸውን ውጤት ሥራ ላይ የማዋል ሥልጣን የተሰጣቸው አስፈጻሚ አካላት ጭምር ነው።