መዝገቡን የያዘ የምርጫውን በር ይዟል



በጠቅላላ ምርጫ ድምፃችሁን የምትሰጡት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ነው። ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት የምትገናኙት ግን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሳይሆን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት፣ መታወቂያ ሲጠፋ፣ ልጅ ጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ለመግባት ማስረጃ ሲጠየቅ፣ የቀበሌ ቤት ውል ሲታደስ ደጅ የሚጠናው እዚያ ነው። ይህን ጽሕፈት ቤት ሊቆጣጠር የሚገባውን ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረጣችሁት ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ነበር። በዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ራሱ መራጭ ለመሆን ደርሷል።

የዚያ ምክር ቤት የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ስለነበር በ2010 ዓ.ም. አብቅቷል። ምርጫው በዚያው ዓመት ለአንድ ዓመት እንዲራዘም ተወሰነ። ቀጥሎም ከጠቅላላ ምርጫው ጋር ይካሄዳል ተባለ። ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ጠቅላላ ምርጫው ራሱ ተላለፈ። ይህኛው እውነተኛ ምክንያት ስለነበር አንከራከርበትም። ነገር ግን ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሕዝቡ ለምርጫ ሲወጣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነዋሪዎች የከተማ ምክር ቤታቸውን ሲመርጡ፣ የጎንደር ነዋሪ የከተማ ምክር ቤቱንም ቀበሌውንም ሳይመርጥ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የጎንደር ከተማ ከንቲባ የሚሰየመው በከተማው ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ የሕዝብ ውክልናው ካለቀ፣ ከንቲባው ተጠሪነቱ ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ፓርቲያችን ደጋግሞ ያነሳዋል፤ የሚመልስለት አላገኘም።

ገዢው ፓርቲ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው ሁለት ነው፤ ጊዜው አይደለም፣ ገንዘብ የለም የሚል። ስለ ጊዜው ከዚህ በታች እንመለስበታለን። ስለ ገንዘቡ ግን ችግሩ የገንዘብ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ ማስረዳት እንፈልጋለን።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። በዓመቱ ውስጥ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ይህ ሥርዓት ለደመወዝና ለጽሕፈት መሣሪያ ደኅና ነው። በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ወጪ ግን አይሆንም። አራቱን ዓመት የሚያስታውሰው የለም፤ በአምስተኛው ዓመት ሙሉው ወጪ በአንድ ጊዜ ከመንገድ፣ ከትምህርት ቤትና ከመድኃኒት ጋር ተሰልፎ ይመጣል። ያን ጊዜ ምርጫውን ማራዘም ለማንኛውም ባለሥልጣን ቀላሉ ቁጠባ ይሆናል። ምርጫው ቢደረግ ሥልጣኑን ሊያጣ የሚችለው ሰው ነው እንግዲህ የምርጫውን ገንዘብ ይፈቅድልናል ብለን የምንጠብቀው።

ስለሆነም ፓርቲያችን የሚያቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የአካባቢ ምርጫ ወጪ በአምስት ተከፍሎ በየዓመቱ አንድ አምስተኛው በሕግ በተቋቋመ የተለየ ፈንድ ይቀመጥ። ሰኔ 30 ሲመጣ ተመላሽ አይሁን፤ ለስብሰባ፣ ለአበል፣ ለተሽከርካሪ መግዣ አይዛወር። ለዚህ ከከተማው ነዋሪ አዲስ መዋጮ አንጠይቅም። የከተማው አገልግሎት ከሊዝ፣ ከቤት ኪራይና ከገበያ የሚሰበስበው ገቢ ለውሃ መውረጃና ለመንገድ እንኳ አልበቃም። ፈንዱ ከፌዴራልና ከክልል በጀት ይሸፈን፤ ዝርዝሩም በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ።

ብዙ ፓርቲዎች እዚህ ላይ አንድ የሚያምር የብር ቁጥር ይጠሩና ያልፋሉ። እኛ ቁጥር ከመጥራታችን በፊት ስሌቱ በምን እንደሚሠራ መራጩ እንዲያውቅ እንፈልጋለን። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መሠረት በአንድ ምርጫ ጣቢያ ሊመዘገብ የሚችለው መራጭ ቢበዛ 1,500 ነው። 12,000 መራጮች ያሉበት አንድ ቀበሌ ቢኖር ቢያንስ 8 ጣቢያ ያስፈልገዋል ማለት ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የመራጮች መዝገብ፣ ኮሮጆ፣ ቀለም፣ ማኅተም፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ይፈልጋል። አስፈፃሚዎቹ ለምዝገባው ሳምንታትና ለድምፅ መስጫው ቀን አበል ይከፈላቸዋል፤ ከዚያ በፊትም መሠልጠን አለባቸው። የአካባቢ ምርጫ ደግሞ ከጠቅላላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የጠዳ ቀበሌ የድምፅ መስጫ ወረቀት ለአዘዞ አይሆንም፤ የእጩዎቹ ስም በየቀበሌው ይለያያል። በመሆኑም ኅትመቱና እደላው ይበዛል።

ይህን ወጪ ከሁሉ በላይ ያናረው ደግሞ የወንበሮቹ ብዛት ነው። ለሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደረገ። በአገር አቀፍ ደረጃ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ወንበሮች ለውድድር ቀረቡ። ለስሙ የሕዝብ ተሳትፎን ማስፋት ነበር። በተግባር ግን በአንድ ቀበሌ ብቻ 300 እጩ ማቅረብ የሚችል፣ ከመንግሥት መዋቅር ጋር የተጣበቀ ድርጅት ብቻ ነው። ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ገሚሱ ራሳቸውን አገለሉ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወንበር ወሰዱ። በ2005ቱ ምርጫ ደግሞ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች በአንድነት አልተሳተፉም። 300 ሰው የሚሰበሰብበት አዳራሽ ያለው ቀበሌ በጎንደር ስንት አለ? ምክር ቤቱ በአንድ ክፍል ተቀምጦ የጽሕፈት ቤቱን ሒሳብ ሊመረምር በሚችልበት መጠን እንዲያንስ እንሠራለን። ወጪው የሚቀንሰውም በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንግባ። ምክንያቱም ገንዘቡ ተገኝቶ፣ ቀኑ ተቆርጦ፣ ኮሮጆው ቀርቦ እንኳ ምርጫው በቀበሌ መዝገብ ቤት ሊበላሽ ይችላል። በሕጉ መሠረት መራጭ ለመሆን 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ዕድሜህን የሚያስረዳው ማን ነው? ስድስት ወር መኖርህንስ? ለከተማ ሰው ዋናው ማስረጃ የቀበሌ መታወቂያና የነዋሪዎች መዝገብ ነው። ከገጠር ሸሽቶ ጠዳ ላይ ቤት የተከራየ ሰው፣ አከራዩ ያላስመዘገበው ተማሪ፣ መታወቂያዋ ተቃጥሎባት ምትክ ስትጠይቅ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ነይ» የምትባል እናት፣ እነዚህ ሁሉ ማንም ድምፃቸውን ሳይሰርቅ ድምፅ አልባ ይሆናሉ። ኮሮጆ የሚጠብቅ ታዛቢ አለ። መዝገብ ቤቱን የሚታዘብ ግን የለም።

አገራችን በዚህ ረገድ ያላት ታሪክ ለሕግ ባለሙያ አሳዛኝ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ምዝገባ፣ ስለ ክብር መዝገብ ሹምም ሥራ አንድ በአንድ ደንግጓል። ነገር ግን ያው ሕግ በመጨረሻው አካባቢ፣ በቁጥር 3361፣ እነዚህ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዲቆዩ አደረገ። ትእዛዙ ሳይወጣ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣና ሄደ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ባዶ መዝገብ ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተወለደው የከተማ ቀበሌም በዚህ ባዶ ቦታ ገብቶ ከነዋሪ ማኅበርነት ወደ ቤት አከራይነት፣ ወደ ዳኝነት፣ ወደ ጥበቃ፣ ወደ ስለላ፣ ወደ መታወቂያ ሰጪነት ተለጠጠ። ያን ጊዜ የኖሩ ወላጆቻችን ቀበሌ የሚለውን ቃል በምን ድምፅ እንደሚጠሩት የጎንደር ሰው ያውቃል።

ጎንደር ግን መዝገብ መያዝ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ በአብያተ ክርስቲያናቱ ብራና መጻሕፍት ላይ ይጻፍ ነበር፤ የሻጩ፣ የገዢው፣ የዳኛው፣ የምስክሩና የዋሱ ስም ተዘርዝሮ። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ዛሬ ግን የአምስት ዓመት ፋይል ከቀበሌ ሲጠየቅ «አልተገኘም» ይባላል።

ስለዚህ የቀበሌው መዝገብ ቤት ከቀበሌው ፖለቲካ ይለይ እንላለን። መዝጋቢው በውድድር የሚቀጠር፣ የየትኛውም ፓርቲ አባል ያልሆነ፣ የእኛም ያልሆነ፣ ከሊቀመንበሩ በቃል ትእዛዝ የማይቀበል ሠራተኛ ይሁን። ማስረጃ ሲከለክል ምክንያቱን በጽሑፍ፣ በቀንና በፊርማ ይስጥ። የአገልግሎት ክፍያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ያለ ደረሰኝ ብር አይቀበል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ይህን ሥራ ያቀልላል የሚሉ አሉ። ያቀልላል። ይሁን እንጂ ፋይዳ ማንነትን እንጂ የትኛው ቀበሌ ውስጥ ስድስት ወር እንደኖርን አይመሰክርም፤ መብራትና ኔትዎርክ በሌለበት ቀንም የብራና ዘመዱ የሆነው የወረቀት መዝገብ ያስፈልገናል።

ከሌሎች አገሮች ምን እንማር? አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ እንደምትሰሙት በብዙ ግዛቶች የካውንቲ ጸሐፊ የሚባል ሹም የጋብቻና የሌሎች ሰነዶችን መዝገብም ይይዛል፣ ምርጫም ያስፈጽማል። የምርጫውን ወጪ በየበጀት ዓመቱ ለካውንቲው ምክር ቤት አቅርቦ በሕዝብ ፊት ያስረዳል። በብዙ ቦታ ጸሐፊው ራሱ በምርጫ የሚሾም ነው። ይህን የመጨረሻውን አንወስድም፤ በእኛ አገር ሁኔታ የተመረጠ ጸሐፊ የመረጠው ፓርቲ ጸሐፊ ይሆናል። በጀቱን በአደባባይ ማስረዳቱን ግን እንወስዳለን። ለእኛ የሚቀርበው የሕንድ ምሳሌ ነው። ሕንድ በ1985 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለቻቸው ሁለት የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች የመንደርና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ የአምስት ዓመቱ ዘመን ሳያልቅ እንዲጠናቀቅ፣ ምክር ቤቱ ከፈረሰም በስድስት ወር ውስጥ እንዲካሄድ ደነገገች። በየክልሉም ለዚሁ ብቻ የሚሠራ የምርጫ ኮሚሽን አቋቋመች። ሕንድም ድኻ ነበረች፤ ሕዝቧም ከእኛ እጅግ ይበዛል።

እዚህ ላይ የሕግ ጥያቄ ይነሳል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣቸዋል ይላል። ምርጫ ቦርድን የሚያቋቁመው አንቀጽ 102 ግን የሚጠቅሰው የፌዴራልና የክልል የምርጫ ክልሎችን ነው፤ የቀበሌና የከተማ ምክር ቤት በስም አልተነሳም። የአካባቢ ምርጫ በሕግ ደረጃም እንግዳ ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሳ ይመስለናል። ታዲያ ክልሉ የራሱን ኮሚሽን ያቋቁም? በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ትግራይ ክልል በራሱ ኮሚሽን ያደረገው ምርጫ ወደ ምን እንዳመራ ያየ ሰው በዚህ ጥያቄ ላይ አይቸኩልም። እኛ የምንጠይቀው ተፎካካሪ ቦርድ አይደለም። ቦርዱ በክልሉ ውስጥ የአካባቢ ምርጫን ብቻ የሚከታተል ቋሚ ክፍል ይኑረው፤ የክልሉ ሕገ መንግሥት ደግሞ ምርጫው የሚካሄድበትን ወር ይወስን፤ ማራዘም ካስፈለገ ምክንያቱ በሕግ የተቆጠረ፣ ጊዜውም ከስድስት ወር የማያልፍ ይሁን።

ስለ ጊዜው እንመለስበታለን ብለናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ያየውን ጦርነት እያወቅን በየቀበሌው በነገው ቀን ኮሮጆ እናስቀምጣለን ብለን አንዋሽም። ስለ ሰላም ያለንን አቋም በዚሁ ማኒፌስቶ በሌላ ክፍል አስቀምጠናል። ነገር ግን መዝገብ ማጽዳት፣ መዝጋቢ ማሠልጠን፣ ፈንዱን መክፈት፣ የወንበሩን ቁጥር መቀነስ ተኩስ እስኪቆም የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። ተኩሱ በቆመ ማግሥት ደግሞ ይህ ካልተዘጋጀ ሌላ ሦስት ዓመት «ዝግጅት» እንባላለን።

የምክር ቤቱን ወንበር ካገኘን የፈንዱንና የመዝገብ ቤቱን ረቂቅ ሕግ በመጀመሪያው የሥራ ዓመታችን እናቀርባለን። ካላገኘንም ረቂቁን ለሚያገኘው ወገን በነፃ እንሰጣለን። እስከዚያው በመራጭነት ለመመዝገብ ማስረጃ የተከለከላችሁ ወይም ስማችሁ ከመዝገብ የቀረባችሁ ነዋሪዎች በቃል ተነጋግራችሁ አትመለሱ። ቀኑን፣ የጠየቃችሁትን፣ የተሰጣችሁን መልስ ጽፋችሁ አቤቱታውን በቅድሚያ ለምርጫ ጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አቅርቡ፤ ግልባጩን በእጃችሁ አስቀሩ። ኮሚቴው ካልተቀበላችሁ ጉዳዩ ወደ ምርጫ ክልሉ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አቤቱታውን ለመጻፍ የምትቸገሩ ካላችሁ የፓርቲያችን የሕግ ክፍል ያለ ክፍያ ይጽፍላችኋል፤ የሌላ ፓርቲ ደጋፊ ብትሆኑም እንኳ።