የአይሮፕላን ማረፊያና ወደ ከተማ የሚያስገባው መንገድ

ከሩቅ አገር በአይሮፕላን የሚመጣ ሰው ጉዞው የሚፈጸመው አይሮፕላኑ መሬት በነካ ጊዜ አይደለም፤ ከቤቱ ደጃፍ ደርሶ ዕቃውን ባወረደ ጊዜ ነው። ስለዚህ የአንድ ከተማ ማረፊያ መልካም መሆኑን ለመፍረድ የሕንፃውን ውበትና የሜዳውን ስፋት ብቻ ሳይሆን፤ ወደ ከተማ የሚያስገባውንም መንገድ አብሮ መመርመር ያስፈልጋል።

የአገራችን አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ባደረገ ጊዜ ማረፊያው ልደታ ነበረ። ኋላ የጄት አይሮፕላኖች ሲመጡ የልደታ ሜዳ ስላልበቃቸው ማረፊያው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ቦሌ በዚያን ጊዜ ከከተማው ውጭ ነበረ፤ ዳሩ ግን ከተማው እያደገ ሄዶ ዛሬ ዙሪያውን ከቦታል። ይህ ቅርበት ለመንገደኛው ጸጋ ሲሆን ለማረፊያው ግን የሚሰፋበትን ቦታ አሳጣው። ደግሞም ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ አይሮፕላኖችም ሙሉ ጭነታቸውን ይዘው ለመነሣት ይቸገራሉ።

በዚህ ምክንያት ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፤ ከቦሌ ዝቅ ባለው በቢሾፍቱ አጠገብ አዲስ ማረፊያ እንዲሠራ ታስቦ በ2018 ዓ.ም. ሥራው በይፋ ተጀምሯል። በመጀመሪያው ክፍል በዓመት 60 ሚሊዮን፤ ሁሉም ሲፈጸም 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ሥራው ለአገር ክብርና ጥቅም መሆኑ የተገለጠ ነው። እኛ ልብ እንዲባል የምንወደው ግን አንድ ከተማ ሁለት ማረፊያ ሲኖራት በመንገደኛው ላይ የሚደርሰውን ችግር ነው።

የካናዳዋ ከተማ ሞንትሪያል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ሚራቤል የተባለውን እጅግ ሰፊ ማረፊያ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል አርቃ ከፈተች። ከባሕር ማዶ የሚመጡት አይሮፕላኖች ወደ ሚራቤል ሲታዘዙ የአገር ውስጡ በረራ በቅርቡ ማረፊያ በዶርቫል ቀረ። ወደ ሚራቤል ይዘረጋል የተባለው ፈጣን ባቡር ግን አልተዘረጋም። ከአንዱ ወርዶ በሌላው መሳፈር የነበረበት መንገደኛም ሻንጣውን ይዞ በመኪና መንከራተት ቢሆንበት በሌላ ከተማ በኩል ማለፍን መረጠ። በ1997 መደበኛው የባሕር ማዶ በረራ ወደ ዶርቫል ተመለሰ፤ በ2004 የመጨረሻው መንገደኛ ከሚራቤል ተነሣ፤ ኋላም ያ ትልቅ ሕንፃ ፈረሰ።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተንም የኛ አይሮፕላን የሚያርፍበት ደለስ በ1962 ቢከፈት፤ የከተማው ባቡር የደረሰለት ከ60 ዓመት በኋላ በ2022 ነው። ሆንግ ኮንግ ግን በ1998 አዲሱን ማረፊያ በከፈተችበት ዕለት አሮጌውን ዘጋች፤ በዚያው ዕለት ባቡሩም ሥራውን ጀምሮ መንገደኛውን ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከከተማው መካከል ያደርስ ጀመር። የሁለቱ ልዩነት የገንዘብ ሳይሆን የቅደም ተከተል ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩን ወደ አገራችን መልሰን እንመልከተው። የአየር መንገዳችን ትልቁ ገቢ ከአንድ አይሮፕላን ወርዶ በሌላ ከሚሳፈር መንገደኛ የሚገኝ ነው። ከጎንደር ወይም ከጅማ የተነሣ ሰው ቦሌ ወርዶ ቢሾፍቱ ላይ እንዲሳፈር ቢገደድ፤ የሚራቤል ችግር በኛም ላይ መድረሱ አይቀርም። ከዐረብ አገር ሠርታ በሌሊት የምትመለስ እኅታችንስ ለታክሲ የምትከፍለው ገንዘብ ከየት ይመጣል? በየቀኑ ለሥራ የሚመላለሰውም ሠራተኛ በምን ይደርሳል?

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን የመኪና መንገድ መኖሩ፤ የጅቡቲውም ባቡር በቢሾፍቱ በኩል ማለፉ ደኅና መነሻ ነው። ይሁን እንጂ የባቡሩ ጣቢያ በለቡ በከተማው ዳር ስለ ሆነ፤ ሐዲድ መኖሩ ብቻ መንገደኛውን ከቤቱ አያገባውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፤ ከከተማው መካከል ተነሥቶ ማረፊያው ድረስ የሚሄደው ባቡር ማረፊያው በሚከፈትበት ቀን እንዲጀምር። ሁለተኛ፤ ዋጋው ድኻ የሚችለው እንዲሆን፤ በሌሊትም እንዳይቋረጥ። ሦስተኛ፤ ቦሌ ሥራውን የሚቀጥል ቢሆን እንኳ፤ ወደ ውጭ አገር የሚያልፈው የክፍለ ሀገር ሰው በቀጥታ ቢሾፍቱ ላይ እንዲያርፍ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፤ ይህ ሁሉ ዛሬ ሜዳው በሚደለደልበት ጊዜ ቢታሰብ ይቀላል፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ዋጋው ብዙ፤ ጸጸቱም ረጅም ይሆናል።