ግብር በትርፍ ላይ እንጂ በብር መውደቅ ላይ አይጣል



ስለ ውሃ፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ኑሮ ውድነት በዚህ የምርጫ ወቅት ብዙ ተብሏል። እኛ በዚህ ገጽ የምናነሳው ተፎካካሪዎቻችን ዳር ዳሩን የሚዞሩትን ጉዳይ ነው። በስልኩ ውስጥ ቢትኮይን ወይም ቴዘር ያስቀመጠ ዜጋ ሲሸጠው ስንት ግብር ሊከፍል ይገባዋል? ቶሮንቶና ዋሽንግተን ዘመድ ያለው ቤተሰብ በሞላበት እንደኛ ባለ ከተማ ይህ የጥቂት ወጣቶች ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን ገልጾ፣ ሕዝቡ እንዲታቀብና ጥቆማ እንዲሰጥ አሳስቧል። ከዚያ ወዲህ ግን የመንግሥት ኃይል አምራች ድርጅት ቢትኮይን ለሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎች፣ በብዛትም ለቻይናውያን፣ ኤሌክትሪክ በውጭ ምንዛሪ ሸጧል። ለባዕድ ኩባንያ መብራቱ ሲፈቀድ ለዜጋው ጨለማው ተተወለት። ጨለማ ውስጥ ደግሞ ደረሰኝ የለም፤ የግብሩ ጣጣ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በመሠረቱ ይህ ግብር ለመረዳት አይከብድም። ከሸጡበት ዋጋ ላይ የገዙበትን ይቀንሳሉ፤ በልዩነቱ ላይ መቶኛው ይሰላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ በአንቀጽ 59 ለማይንቀሳቀስ ንብረት 15 በመቶ፣ ለአክሲዮንና ለቦንድ 30 በመቶ ደንግጎ ነበር። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል። የእኛ ክርክር ግን በመቶኛው ላይ ሳይሆን መቶኛው በሚሰላበት መነሻ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ነጋዴ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ 1,000 ቴዘር፣ እያንዳንዱን በ110 ብር ገዛ እንበል። ቴዘር ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል እንዲሄድ ተደርጎ የሚወጣ ነው። ባንክ በዚያን ጊዜ ዶላር የሚመነዝረው በ55 ብር ገደማ ነበር፤ ሰውየው ግን ከኪሱ 110,000 ብር አውጥቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ ብርም ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ሁሉንም በ150 ብር ሸጠና 150,000 ብር አገኘ። ለስሌት እንዲመች 15 በመቶውን እንያዝ።

ያወጣው ገንዘብ እንዳለ ከታመነለት ትርፉ 40,000 ነው፤ ግብሩም 6,000 ብር። ተማኙ «በባንክ ዋጋ ነው የማሰላው» ካለ መግዣው ወደ 55,000 ይወርዳል፣ ትርፉ 95,000 ይሆናል፣ ግብሩም 14,250 ብር ይደርሳል። «ደረሰኝ አምጣ» ብሎ ሲያጣ መግዣውን ዜሮ ካደረገው ደግሞ 22,500 ብር ይጠይቀዋል፤ ይኸውም አገኘ ከተባለው 40,000 ከግማሽ በላይ ነው። በዶላር ቢሰላስ? ሺህ ገዛ፣ ሺህ ሸጠ። ምንም አላተረፈም! ለአንድ ሽያጭ አራት መልስ ማለት ነው። የትኛው እንደሚጸና በሕግ ካልተጻፈ የሚወስነው የተማኙ ፊት ነው። በ110,000 ብር ይገዛ የነበረው ዘይትና ዱቄት ዛሬ በ150,000 ብር ስንት እንደሚገዛ ደግሞ ገበያ ወጥታችሁ ጠይቁ፤ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ያለ ማስረጃ የሚደረግ ግምት ምን እንደሚያስከትል አይተናል። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በየከተማው ያሉ አነስተኛ ነጋዴዎች ምን ያህል እንደተማረሩ፣ በኦሮሚያ ከተሞችም ሱቆች እንደተዘጉ የሚዘነጋ የለም። ያ ግምት ቢያንስ በዓይን በሚታይ ሱቅና ዕቃ ላይ ነበር። ስልክ ውስጥ ያለውን ማን ይገምታል?

ውጭ ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህን ጉዳይ ያውቁታል። አሜሪካ ክሪፕቶን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ንብረት ትቆጥረዋለች፤ ከዓመት በላይ ይዞ የሸጠም ዝቅ ባለ መጣኔ ይከፍላል። ካናዳ ለአንድ ግለሰብ ኢንቨስተር ግማሹን ትርፍ ብቻ በገቢው ላይ ትደምራለች። ህንድ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 30 በመቶ ታስከፍላለች፤ የአንዱን ኪሳራ ከሌላው ትርፍ ላይ መቀነስንም ከልክላለች፤ ይህን አንወደውም። ጎረቤታችን ኬንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ትርፍ ኖረም አልኖረም ከጠቅላላው የሽያጭ ዋጋ 3 በመቶ ጣለች፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ግን ሕጉን ራሷ ሻረችው። የእኛ ሕግ አውጪዎች ይህን ሳያዩ የኬንያን የመጀመሪያ መንገድ እንዳይጀምሩት እንሰጋለን።

ክሪፕቶ ግዙ እያልናችሁ እንዳልሆነ ይታወቅልን። አንድ ቢትኮይን በኅዳር 2014 ዓ.ም. 69,000 ዶላር ደርሶ በዓመቱ ከ17,000 በታች ወርዷል፤ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ እዚያ ያስቀመጠ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለሆነም ኪሳራውም በሕግ ፊት ሊታይ ይገባል እንላለን፤ ዘንድሮ የከሰረ ከከርሞ ትርፉ ላይ ይቀንስ።

ድምፃችሁን ከሰጣችሁን ለምክር ቤት የምናቀርበው ረቂቅ ፈቃድ ያለው፣ ደረሰኝ የሚሰጥ መገበያያ እንዲኖር የሚያደርግ ይሆናል። ከዚያ በፊት ለተገዛው በባንክ ወይም በቴሌብር የተላከ ክፍያ ማስረጃ ሆኖ ይያዛል፤ መግዣ ዋጋውም የዋጋ ንረቱ ታስቦ ከፍ ይደረጋል። ከላይ ባነሳነው ነጋዴ ላይ ከገዛበት ቀን እስከ ሸጠበት ቀን የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ ከሆነ፣ መግዣው ከ110,000 ወደ 143,000 ይነሣል፤ ትርፉ 7,000 ይሆናል፣ ግብሩም 1,050 ብር። ቀድሞ በእጁ ያለውን በአንድ ዓመት ውስጥ ላስታወቀ ሰው ቅጣትም ክስም አይኖርበትም፤ ማስታወቂያውንም አዲስ አበባ ድረስ ሳይመላለስ እዚሁ ሐረር ያስገባል።