ሴቷ በድራማ ሁሉ ታልቅስ?

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ የጀመረው «ዴስፐሬት ሀውስዋይቭስ» የሚከፈተው በሞት ነው። ሜሪ አሊስ ያንግ የተባለች የቤት እመቤት የማለዳ ሥራዋን ጨራርሳ ራሷን ታጠፋለች። ከዚያ በኋላ ያለውን የምትተርከውም እሷው ናት፤ የጎረቤቶቿን ገመና አንድ በአንድ ትዘከዝካለች። ሰፈሩ ሣሩ የታጨደ፣ አጥሩ የተቀባ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ግን የማስፈራሪያ ደብዳቤና የተደበቀ ሬሳ አለ። ተመልካቹ እየሳቀ ይሰቀጥጠዋል፤ ጥቁር ኮሜዲ የሚባለው ይህ ነው።

ደራሲው ማርክ ቼሪ ሐሳቡ የመጣለት ልጆቿን ስለገደለች አንዲት እናት የፍርድ ቤት ዜና ከወላጅ እናቱ ጋር ሲመለከት እንደነበር ተናግሯል። እናቱ እንዲህ ያለው ተስፋ መቁረጥ ለእሷም እንግዳ እንዳልሆነ ስትነግረው ደነገጠ። ድራማው 8 ምዕራፍና 180 ክፍል ዘልቆ በ2012 አበቃ። ቱርኮች በ2011 የራሳቸውን ሠሩ፤ ናይጄሪያውያን በ2015 ታሪኩን ሌጎስ አስገቡት።

ኢትዮጵያስ? ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ሲጀምር በአማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎች ምሽቱን ወሰዱት፤ የአገር ውስጥ ባለሙያዎችም አቤት አሉ። ከአገር ውስጥ ድራማዎች «ቤቶች» በቤት ውስጥ ኑሮ፣ «ምን ልታዘዝ» ደግሞ ካፌ ቁጭ ብሎ በፖለቲካ ሲያስቁን አይተናል። ሴቷ ግን አሁንም በአብዛኛው ወይ ተበድላ ታለቅሳለች፣ ወይ ክፉ አማት ሆና ታሴራለች። ብልህም ጥፋተኛም፣ አሳቂም አስፈሪም የሆነች ባለታሪክ ብዙም አትታይም።

ሐዋሳ ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ የተመቸች ናት። አቶቴ ወይም ታቦር አካባቢ በአንድ ግቢ አከራይና ተከራይ በአንድ በር ይገባሉ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ከየወረዳው የመጡ ወጣት ሠራተኞች አንድ ክፍል በጋራ ይከራያሉ፤ አከራይዋም ማን መቼ እንደገባ ትቆጥራለች። ቡናው ከአቦል በረካ እስኪደርስ የማይወጣ ጉድ የለም። እቁቡ አለ፣ እድሩ አለ። የእቁቡ ገንዘብ ሰብሳቢዋ እጅ ላይ ቢጠፋ፣ ደግሞም ሁሉም የሚጠረጥራት በየእድሩ ቀድማ የምታለቅሰዋ ሴት ብትሆን አንድ ምዕራፍ ያስኬዳል።

እንዲህ ያለ ድራማ የትዳርን ገመና ሲገልጥ ድብደባውንም መንካቱ ስለማይቀር፣ «በቤት ውስጥ ጥቃት ይሳቃል ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን ሌላ ነው፦ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ያስኬዳል ያሉት ከወንዶቹ 28 በመቶ ሲሆኑ ከሴቶቹ 63 በመቶ ነበሩ።

እንዲህ ያለውን እምነት ስብከት ብዙ ሞክሮታል። ጥቁር ኮሜዲ የሚስቀው በቁስሉ ላይ ሳይሆን ቁስሉን ሸፍኖ «ትዳራችን ሰላም ነው» በሚለው ፊት ላይ ነው። «ቻዪው» እያለች ጎረቤቷን የምትመክር ሴት የራሷን የበለዘ ገላ ስትደብቅ የሚያሳይ ትዕይንት፣ በደንብ ከተጻፈ፣ ሳቁ መሐል ላይ ይቋረጣል። ችግሩ መሳቁ ሳይሆን በተጠቂዋ መሳቅ ነው፤ ይህን ድንበር ጠንቅቆ የሚያውቅ ደራሲ ያስፈልጋል።

ወጪውም ሰበብ አይሆንም። አንድ ግቢ፣ አራት ብርቱ ተዋንያትና የቡና ረከቦት ይበቃሉ። እንደ ሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክ ያሉ መቀመጫቸው ሐዋሳ የሆነ ጣቢያዎች ለሙከራ 6 ክፍል ቢያስጽፉ፣ ጽሑፉንም ለሴት ደራሲያን ቢሰጡ፣ ከተማዋ የሌላ አገር ሰፈር ገመና ብቻ እያየች አታመሽም።