የመንገድ ምሳ

ሰው በሰፈሩ ሳለ ከነውር የሚጠበቀው አንድም ስለ ኅሊናው፥ አንድም ስለ ጎረቤቱ ዓይን ነው። የሚያውቀው በሌለበት ስፍራ ግን ኅሊናው ብቻዋን ትቀራለች። ይህን ለመረዳት የሚሻ ሰው ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ ይሳፈርና ምሳውን በሸዋ ሮቢት ይብላ።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በይፋት ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት። መንገደኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር ጋቢውን ተከናንቦ ዋሻውን ያልፋል፤ በደብረ ሲና በኩል ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርዶ ወደ ቆላው ሲደርስ ጋቢውን ጥሎ ውሃ ውሃ ይላል። አውቶቡሱም ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ይቆማል። ቤቱን የመረጠው ሾፌሩ እንጂ ተሳፋሪው አይደለም። ስለዚህ ባለቤቱ የመንገደኛውን ቅሬታ ብዙም አይፈራም፤ መንገደኛው ነገ ተመልሶ አይመጣምና። መንገደኛውም በበኩሉ በአገሩ የማይናገረውን ቃል በዚያ ይናገራል፤ የሚያውቀው የለምና። እጁን እያጨበጨበ ይጣራል፥ ወጡ ዘገየ ብሎ አሳላፊዪቱን ይሰድባል፤ ክላክስ ሲነፋም በግርግሩ ሳይከፍል ሹልክ የሚል አይታጣም።

በ2010 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወደ ደሴ ስንጓዝ፥ መኪናችን በመንገድ ተበላሽቶ ስለ ነበር ሸዋ ሮቢት የደረስነው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። የጾም ሽሮ አዘዝን። ዕድሜዋ ከዐሥራ ሰባት ዓመት የማይበልጥ አንዲት አሳላፊ ሳህኑን ይዛ መጣች፤ ነገር ግን ከማስቀመጧ በፊት ጎንበስ ብላ፥ «ጋሼ፥ ይህን ባይበሉ ይሻላል፤ የሥጋው ወጥ በተማሰለበት ማማሰያ ሲያማስሉት አይቻለሁ። ቲማቲም ፍትፍት በእጄ ሠርቼ ላምጣልዎት» አለችን። የቤቱ እመቤት ከሒሳብ መቀበያው አጠገብ ሆና ይህን ሰማች። «ማን ጠየቀሽ? የሽሮውን ዋጋ ከደመወዝሽ እቈርጣለሁ» ብላ በሰው ሁሉ ፊት አዋረደቻት። ልጅቱ ምንም አልመለሰችም፤ ፍትፍቱን ሠርታ አመጣችልን።

እኛስ ምን አደረግን? በላን፤ ከፈልን፤ ክላክሱ ሲነፋ አንገታችንን ደፍተን ወጣን። በትምህርት ቤት ስለ እውነት የምናስተምር ሰዎች፥ ስለ እኛ ጾም ስትል እውነት ለተናገረች ልጅ አንዲት ቃል አልመሰከርንላትም። ሰንበቴን አልፈን አጣዬ እስክንደርስ ድረስ በልባችን የምናገኘው ምክንያት «ቸኵለን ነበር» የሚል ብቻ ነበር። ከሳምንት በኋላ ስንመለስ በዚያው ቤት ወረድን፤ እርስዋ ግን አልነበረችም። ሌላይቱን አሳላፊ ብንጠይቃት፥ «ሄዳለች» ብላ ሳህኗን ማንሣት ጀመረች። ስሟን እንኳ አልጠየቅናት ኖሮ በምን እንፈልጋት?

በአገራችን በሆቴል በዋጋ መብላት የቈየ ልማድ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባቋቋሙ ጊዜ፥ እህል ውሃን መሸጥም ገዝቶ መብላትም እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበር፥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን እያስከተሉ በመብላት ሰውን እንዳስለመዱት ይነገራል። ቀድሞ እንግዳና ባለቤት የሚተማመኑት በእግዚአብሔር ስም ነበር። ዛሬ ገንዘብ በመካከል ቢገባም መተማመኑ አልቀረም። ወጥ ቤት ገብቶ ድስቱን የሚመረምር መንገደኛ የለምና። በይፋት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ አውቶቡስ ይጓዛሉ፤ አንዱ ስለ ጾሙ፥ ሌላው ስለ ሥጋው አራጅ ጠይቆ የሚበላው የማያውቀውን ሰው ቃል አምኖ ነው። ያ ቃል ከታጠፈ በገንዘብ የሚመለስ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ለመንገድ ስታሰናዱ ከስንቃቸው ጋር ይህንም ምክር ስጧቸው። አሳላፊን በጭብጨባ ሳይሆን «እኅቴ፥ ወንድሜ» ብለው ይጥሩ። ሒሳባቸውን መኪናው ሳይነሣ ይክፈሉ። ቅሬታ ቢኖራቸው ለባለቤቱ በትሕትና ይንገሩ እንጂ ሳህን ተሸካሚዪቱን አይስደቡ፤ ወጡን የሠራችው እርስዋ አይደለችምና። መልካም ያደረገላቸውን ሰው ግን በአሠሪው ፊት ያመስግኑት። ምግብ ቤት ያላችሁም ሁሉ፥ እውነት የምትናገር ሠራተኛ ሽሮ አስደፋችብን አትበሉ፤ የቤታችሁን ስም የምትጠብቅላችሁ እርስዋ ናት። ደግሞም ዛሬ በጓዳችሁ የምታድገው ልጅ ነገ በማታውቀው አገር ለማታውቀው ሰው ማዕድ ታቀርብ ይሆናል።

በዚያን ቀን ከእኛ ይጠበቅ የነበረው ብዙ አልነበረም። «እመቤቴ፥ ይህች ልጅ የቤትዎ ክብር ናትና አይቈጧት» ብሎ ለመናገር፥ ክላክስ ነፊውም ቢሆን ይታገሠን ነበር።