እንቅልፉ የማን ነው?

«እማማ እኮ አሁን ተመስገን ነው፣ ድምፃቸውም አይሰማ!» ይህን አነጋገር በለቅሶ ቤት፣ በዕድር ስብሰባ፣ በሠርግ ድንኳን ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ብዙውን ጊዜ የምስጋናው ባለቤት አምላክ ሳይሆን ዲያዜፓም ሆኖ አገኘዋለሁ።

መድኃኒቱን ለማውገዝ አልተነሳሁም። እ.ኤ.አ. በ1963 ቫሊየም ተብሎ ገበያ ከወጣ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ሲነሳ፣ ጭንቀት ሲበረታ ስንቱን ረድቷል። ጠቤ ወላጆቻቸውን ለማስተኛት ኪኒን ይዘው ከሚዞሩ ልጆች ጋር ነው።

ለመሆኑ የሰባ ዓመት እናት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መንቃታቸው ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው? ዕድሜያቸውን ሙሉ በዶሮ ጩኸት ተነስተው፣ ዳዊታቸውን ደግመው፣ ኪዳን አድርሰው የኖሩ ናቸው። የጎረቤታቸው እናትም ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ ኖረዋል። ሰው ሲያረጅ እንቅልፉ ይሳሳል፤ በጊዜ ይተኛል፣ በጊዜ ይነቃል። ነገሩ በሽታ የሆነው እኛ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ነው። ግድግዳው ስስ፣ ጠዋት ሥራ አለ፣ ልጆቹ ተማሪዎች ናቸው፤ እማማ ሌሊት ሲንቆራጠጡ ቤቱ ሁሉ ይነቃል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እንቅልፍ ያጣነው እኛ ነን፤ ኪኒኑን የሚውጡት ግን እሳቸው ናቸው።

ዲያዜፓም በወጣት ሰውነት ውስጥ እንኳ ግማሹ እስኪወጣ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። ጉበት ሲሰባብረው የሚወለደው ንጥረ ነገር ደግሞ ከወላጁ ይብስና 100 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በአረጋዊ ገላ ላይ ጊዜው ይረዝማል። የዛሬው ሳያልቅ የነገው ይደረብበታል። ሳምንት ሳይሞላ እማማ ቀን ያንጎላጃሉ፣ የልጅ ልጅ ስም ይስታሉ፣ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ። እኛም «ጃጁ» እንላለን።

ይበልጥ የሚያስመርረኝ ሌላ ነገር አለ። ለደም ግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ሽንት የሚያበዙ አሉ፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮስማይድን የመሳሰሉ። ጠዋት መዋጥ ሲገባቸው «ከራት በኋላ ሁሉንም ባንድ ላይ» እየተባለ ማታ ይሰጣሉ። እማማ ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። «እንቅልፍ አጡ» ይባልና ማስተኛ ይጨመርላቸዋል። አሁን ሽንቱም አለ፣ ድንዛዜውም አለ፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ባልወጣለት ቤት ደግሞ መጸዳጃው ግቢው ዳር ነው። ጨለማ፣ ነጠላ ጫማ፣ የረጠበ ድንጋይ፤ ከዚያ የተሰበረ ዳሌ። ወጌሻ ይጠራል፣ ድንጋዩ ይረገማል። ኪኒኑን የሚጠረጥር የለም።

በሕጉ ዲያዜፓም ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። እኔ ግን አንድ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ «ለእናቴ ነው» የምትለው ቃል ከማዘዣ በላይ ስትሠራ በዐይኔ አይቻለሁ። ማዘዣ የማይጠይቀው ደግሞ ከአሜሪካ በሻንጣ ይመጣል። ታይሌኖል ፒኤም የማያውቅ ቤት አለ? እንቅልፍ የሚያመጣው በውስጡ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን ነው፤ በአረጋውያን ላይ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ አእምሮ ያምታታል። የላከችው ልጅ በፍቅር እንደላከችው አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ እዚያው አሜሪካ ዶክተር ማርክ ቢርስና ባልደረቦቹ ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1991 አውጥተዋል። መጀመሪያ በመጦሪያ ለሚኖሩት የታሰበ ነበር፤ በ1997 በቤታቸው ለሚኖሩትም ተዳረሰ። ዛሬም ይታደሳል፤ የዲያዜፓም ወገንም፣ ዳይፈንሃይድራሚንም አሉበት።

«እስቲ አንተ ናና አድረህ ጠብቃቸው!» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ማስታመም ያደክማል፤ ድካሙም ብዙውን ጊዜ በምራቲቱ ወይም በቤት ሠራተኛዋ ጫንቃ ላይ ነው። ታዲያ ተራ መግባት የወንዶቹ ልጆች ፈንታ አይደለም? የአንዱን ድካም በሌላው ደም ውስጥ መድኃኒት በመጨመር ማቃለል ምን ይሉታል?

ደግሞስ እማማን ማን ጠየቃቸው? በካናዳ፣ በኪቤክ፣ ለረጅም ጊዜ እነዚህን ኪኒኖች ሲወስዱ ለቆዩ አረጋውያን ስለ ጉዳቱና ቀስ በቀስ ስለ መቀነሱ የሚያስረዳ ጽሑፍ ተሰጣቸው። ለልጆቻቸው አይደለም፤ ለራሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት ጽሑፉ ከደረሳቸው ከመቶው 27ቱ በስድስት ወር ውስጥ ጨርሰው አቁመዋል፤ ካልደረሳቸው 5ቱ ብቻ። የእኛ እናት ማንበብ ባይችሉ የሚያነብላቸው ልጅ አስተምረዋል።

ይህን ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ ኪኒኑን ቢደብቅ ግን ሌላ ጥፋት ይሠራል። ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ አልፎም ሊጥለው ይችላል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ በሳምንታት እየቀነሱ ነው የሚተወው። የሽንቱ ኪኒን ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነም ያው ሐኪም ይጠየቅ። እማማም አብረው ይግቡ፤ ሐኪሙ ሲጠይቃቸውም መልሱን ከአፋቸው አትንጠቁ።