ስለ ሞተር ማቀዝቀዣ ማራገቢያ

መኪናችሁ በከተማ መንገድ ተዘግቶበት ሲቆም የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ የሚወጣ፣ መንገዱ ተከፍቶ ሲሮጥ ግን ተመልሶ የሚወርድ እንደ ሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው በራዲያተሩ አጠገብ ያለው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነው። መኪና ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ በቆመ ጊዜ ግን ከማራገቢያው በቀር ረዳት የለውም።

ይህ ነገር በቤቴ ደርሶ አይቼዋለሁ። በአዲስ አበባ ወደ ልቅሶ ስንሄድ መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ሳለን ባለቤቴ፣ «ያ ስንቆም የሚያጓራው ነገር ዛሬ ድምፁ የለም» አለችኝ። ቀስቱን ብመለከት ቀዩን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ሞተሩን አጥፍተን ልቅሶውን በታክሲ ደረስን።

በማግሥቱ የመጣው መካኒክ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «የማራገቢያው ሞተር ተቃጥሏልና አዲስ ይግዙ» ብሎ ፈረደ። ዋጋው ቀላል አልነበረምና፣ አስቀድሞ በተራ እንዲመረምር ለመንሁት።

ፊውዙ ታየ፤ በብዙ መኪና 30 ወይም 40 አምፔር የተጻፈበት ነው። አልተበጠሰም። የተበጠሰ ቢሆን እንኳ ምክንያቱን ሳይፈልጉ ከፍ ያለ ቁጥር ያለውን መተካት ሽቦውን ለእሳት መስጠት ነው። ቀጥሎ ኤርኮንዲሽነሩ ተከፈተ፤ በአብዛኛው መኪና ማራገቢያው ከእርሱ ጋር አብሮ ይዞራልና። ቢዞር ኖሮ ጥርጣሬው ሙቀቱን ወደሚያሳውቀው ሴንሰር በሄደ ነበር። አልዞረም፤ ነገር ግን ሪሌዩ «ቀጭ» አለ። ይህ ድምፅ ብዙ ሰው ያታልላል፤ ትእዛዙ መድረሱን ይናገራል እንጂ ኃይሉ ማለፉን አያስረዳም። ስለዚህ ሪሌዩ ተነቅሎ 30 እና 87 የተባሉት ቀዳዳዎች ፊውዝ ባለው ወፍራም ሽቦ ተገናኙ። አሁንም ዝም አለ።

ከዚህ በኋላ የማራገቢያው ሶኬት ተላቅቆ ኃይል በቀጥታ ከባትሪው ቢሰጠው ወዲያው ዞረ። ሞቷል የተባለው ሞተር ደኅና ነበር! የቀረው የሽቦው መንገድ ብቻ ሆነ። ሶኬቱ ተመልሶ ተሰክቶ፣ ኃይል እየተላከለት፣ ከማራገቢያው ኔጌቲቭ ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ በቴስተር ቢለካ 11 ቮልት ያህል አሳየ። ጤናማ መስመር ቢሆን ኖሮ ከግማሽ ቮልት ባልበለጠ ነበር። ኃይሉ ይደርሳል፣ መመለሻ ግን አጥቷል ማለት ነው። ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበት ቡሎን ቢፈታ ዝገት በልቶት ተገኘ። ተፍቆ ታሰረ፤ ማራገቢያውም ማጓራቱን ጀመረ፤ የተገዛም ዕቃ የለም።

በደጋ ለሚኖር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፣ በክፍት ድስት ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ብዙው ማራገቢያ ግን ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። ግፊቱን የሚይዘው የራዲያተር ክዳን የላላ እንደ ሆነ፣ ማራገቢያው ሳይነሣ ውሃው ይፈላና ማራገቢያው በከንቱ ይከሰሳል። ክዳኑ ግን ሞተሩ ፈጽሞ ሳይበርድ አይከፈት። ማራገቢያውም በአንዳንድ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በድንገት ስለሚነሣ፣ የልጆች እጅና የነጠላ ጫፍ ከአጠገቡ ይራቅ። ቀስቱ ቀይ ላይ ሳለ «ጥቂት ነው የቀረን» ብሎ መንዳትም ቴስታታውን ያጣምማል፤ ያን ጊዜ ወጪው ከማራገቢያ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።